ስለ ፕሮሰሰሬ ልክና ስለ እናቴ ካሴቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ወዳጄ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለውን ዴስክቶፕ ሽጦ ሌላ ቢገዛ ይሻለው እንደ ሆነ፣ ወይም ፕሮሰሰሩን ብቻ ለውጦ ኦቨርክሎክ ቢያደርገው ያዋጣው እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ከጀመርሁ በኋላ ግን፣ ነገሩ በሁለት መስመር የማያልቅ መሆኑን፣ ይልቁንም በዚሁ ጉዳይ ከራሴ ጥፋት የተማርሁትና እስከ ዛሬ ለቤተ ሰቤ እንኳ በግልጥ ያልተናገርሁት ነገር መኖሩን ልቡናዬ ስላሳሰበኝ፣ መልሱን ለእሱም ለሌሎችም እንዲሆን እዚህ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚሠራው በምት ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል የምትሰጠውን ምት መሠረት አድርጎ፣ ያንኑ እያባዛ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠር ርምጃ ይራመዳል፤ በእያንዳንዱም ርምጃ ትራንዚስተሮቹ የተሰጣቸውን ሥራ ፈጽመው፣ የሚቀጥለው ምት ሳይደርስ ውጤቱን አስረክበው መገኘት አለባቸው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዝሙሩ በቁም ዜማ ተጀምሮ፣ በዝማሜ መቋሚያው እየተወዛወዘ፣ በመረግድ ከበሮው እየበረታ ሄዶ ጽፋት ላይ ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፤ ማኅበሩ የሠለጠነ እንደ ሆነ ከምቱ ጋር አብሮ ይፈጥናል፣ ከመካከላቸው አንዱ ትንፋሹ ያጠረ እንደ ሆነ ግን ያ ሰው ቃል ይጥላል፤ የጣለውንም ቃል ከውጭ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ላያውቀው ይችላል። ኦቨርክሎክ ማለት እንግዲህ ከበሮውን አምራቹ ከወሰነው ፍጥነት በላይ መምታት ነው። ምቱ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ ለማሰብ ያህል፣ በ4.6 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ፕሮሰሰር ዘንድ፣ ከፍጥረት ሁሉ የሚፈጥነው ብርሃን እንኳ በአንዱና በተከታዩ ምት መካከል የሚሄደው መንገድ 6 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የአንድ አመልካች ጣት ርዝመት ያህል ማለት ነው።

ለመሆኑ አምራቹ የሰጠው ፍጥነት የቺፑ የመጨረሻ ዐቅም ካልሆነ፣ ስለ ምን በዚያ ወሰነው? ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ዌፈር ከሚባለው ከአንድ ክብ የሲሊከን ገበታ ላይ የተቈረጡ ቺፖች፣ የአንድ እናት ልጆች ጠባያቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ ዐቅማቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ በጥቂት ቮልቴጅ ብዙ ይራመዳል፣ ሌላው ለዚያው ርምጃ ብዙ ቮልቴጅ ይጠይቃል። አምራቹም እየፈተነ በየማዕርጋቸው ከለያቸው በኋላ፣ በእያንዳንዱ ማዕርግ ውስጥ ያለው ደካማው ቺፕ፣ በሞቃት አገርና በተራ ማቀዝቀዣ፣ ለብዙ ዓመት ሳይሳሳት የሚሸከመውን ፍጥነት ለሁሉም የጋራ ልክ አድርጎ ይጽፍላቸዋል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ለደካማው የተደረገ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ብርቱው ቺፕ ትርፍ ዐቅሙን በውስጡ ሰውሮ ይኖራል።

ይህ ስውር ዐቅም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር የማዘርቦርዱን 66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 እያባዛ በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ከፍ ያደረገለት እንደ ሆነ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ብዙ ጊዜ 450 ሜጋኸርዝ ይደርስ ነበር፤ ይህም በዚያው ዓመት የወጣውና ዋጋው ከአራት እጥፍ የሚበልጠው የፔንቲየም 2 ፍጥነት ነው። የፔንቲየም 2 ካሽ፣ ማለት ፕሮሰሰሩ በቶሎ የሚፈልገውን መረጃ የሚያኖርበት ፈጣን ማኅደር፣ 512 ኪሎባይት ቢሆንም ከዋናው ሲሊከን ውጭ ተቀምጦ በግማሽ ፍጥነት የሚሠራ ሲሆን፣ የሴሌሮኑ ካሽ ግን 128 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም በዚያው ሲሊከን ላይ ተሠርቶ በሙሉ ፍጥነት ስለሚሠራ፣ በብዙ ሥራ ታናሹ ከታላቁ ጋር እኩል ተራመደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «አምራቹ ይሰውርብናል፣ እኛ ደግሞ ፈልፍለን እናወጣዋለን» የሚል እምነት አደረበት። እኔ ግን ይህ እምነት ለዛሬ ዘመን ቺፕ የሚስማማ አይመስለኝም። የዛሬው ፕሮሰሰር ሙቀቱንና የሚስበውን ኀይል በየቅጽበቱ እየለካ፣ ሲመቸው ራሱ ምቱን ከፍ፣ ሲጨንቀው ራሱ ዝቅ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ በ1998 ለባለቤቱ ተትቶለት የነበረው ትርፍ ዛሬ አብዛኛው አስቀድሞ ተሠርቶበታል።

ደግሞም ፍጥነት ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ዋጋውም ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈጀው ኀይል ከምቱ ጋር በቀጥታ ሲያድግ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ያድጋል፤ ምቱን በ10 በመቶ ከፍ ለማድረግ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ከፍ ያደረገ ሰው፣ ያገኘው ፍጥነት 10 በመቶ ሲሆን የጨመረው ሙቀት 33 በመቶ ይሆንበታል። የአምራቾቹን የራሳቸውን ሩጫ የገታውም ይኸው ሕግ ነው። ኢንቴል በ2004 ፔንቲየም 4ን እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ቢያደርስም፣ 4 ጊጋኸርዝ የሚሆነውን ለማውጣት የነበረውን ዕቅድ በዚያው ዓመት ሰረዘው፤ ከዚያም በኋላ ኮር የተባለውን አንዱን የማስሊያ ክፍል ያለ ልክ ከማስሮጥ ይልቅ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮር ማኖር የሁሉም መንገድ ሆነ። በ2022 አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ9 ጊጋኸርዝ አልፏል፤ ነገር ግን ያለፈው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ሂልየም ውስጥ ሆኖ፣ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው።

እኛ አዲስ አበባ ላይ ለምንኖር ሰዎች በዚህ ላይ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም በማቀዝቀዣው የብረት ክንፎች መካከል የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። የሌሊታችን ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ በጠረፍ አገር የሚኖር ሰው የጻፈውን የሙቀት ልክ አይቶ «የእኔ ለምን ከዚያ በለጠ» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ይህን ያስብ። ሁለተኛው የመብራቱ መቋረጥና መዋዠቅ ነው፤ ስለዚህኛው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። ታላቅ ወንድሜ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ፣ እናታችን ማንበብና መጻፍ ስለማትችል፣ ደብዳቤዋን በካሴት እየቀዳች በሚሄድ ሰው እጅ ትልክለት ነበር። ወንድሜም እነዚያን ካሴቶች በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አኑሮ፣ እሷ ካረፈች በኋላ ይዞልኝ መጣ፤ 31 ነበሩ። እኔም በዴስክቶፔ ላይ አንድ በአንድ ቀድቼ፣ ከድምፁ ውስጥ የካሴቱን ሹክሹክታ በፕሮግራም እያጠራሁ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ጨምቄ በአንድ ማኅደር ውስጥ አኖርኋቸው፤ ዲስኩም ጠቦኝ ስለ ነበረ ዋናዎቹን ቅጂዎች አጠፋሁ። በዚያን ጊዜ የነበረኝ ፕሮሰሰር በ2017 የወጣው ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 5 1600 ሲሆን፣ እኔ ግን ድምፅ የማጥራቱ ሥራ ቢረዝምብኝ ሁሉንም ኮር በ3.9 ጊጋኸርዝ እንዲሠራ አድርጌው ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈተንሁት፤ አልቆመም፣ አልጠፋም። ይበቃል አልሁ።

ከወራት በኋላ ማኅደሩን ስከፍት ፕሮግራሙ መረጃው ተበላሽቷል ብሎ እምቢ አለኝ። ቃል የጣለው መዘምር ማን እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም ነበር፤ ከቢሊዮን ርምጃ መካከል በአንዱ አንዱን ቁጥር በሌላ ለውጦ፣ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ካሴቶቹ በእጄ ስለ ነበሩ እንደ ገና ልቀዳቸው እችላለሁ ብዬ ተጽናናሁ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው የአንዱ ክር በመጀመሪያው ቅጂ ጊዜ በቴፑ ውስጥ ተጠምጥሞ ተበጣጥሶ ነበርና፣ ያ ካሴት፣ ወንድሜ ተመረቅሁ ብሎ በጻፈላት ጊዜ የመለሰችለት ምርቃት ያለበት ካሴት፣ አሁን የለም። ቺፑ አልበደለኝም፤ ሰባት ሌሊት መፈተን የሚገባውን ግማሽ ሰዓት የፈተንሁት እኔ ነኝ።

ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሬ በፊት ፕሮሰሰሩን ለመለወጥ ቈረጥሁ። ኤኤምዲ ኤኤም4 የተባለውን ሶኬት ለብዙ ዓመት ሳይለውጥ ስላቈየው፣ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳልነካ በ2022 የወጣውን ባለ 8 ኮር ራይዘን 7 5700ኤክስ ማስገባት ይቻለኝ ነበር። በዚህ ላይ ሁለት አደገኛ ስፍራዎች አሉ። አንደኛው፣ አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ የማዘርቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱን፣ ማደስ ግድ ነው፤ አለዚያ ማዘርቦርዱ አዲሱን እንግዳ አያውቀውም፤ ባዮሱ እየታደሰ ሳለ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ የታመነ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር እላለሁ። ሁለተኛውን አደጋ ያስታወሰኝ በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደረው የእኅቴ ልጅ ነው። ማቀዝቀዣውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ያዘኝና፣ «ጋሼ፣ ቀዝቃዛውን አይንቀሉት። ግማሽ ሰዓት ያሠሩትና ይሙቅ፤ ከዚያ አጥፍተው ቀስ አድርገው ግራና ቀኝ ያዙሩት እንጂ ወደ ላይ አይሳቡት» አለኝ። በሁለቱ መካከል ሙቀት እንዲያስተላልፍ የተቀባው ፔስት ሲደርቅ ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው ጋር አጣብቆ ከተቈለፈው ሶኬት ነቅሎ ሊያወጣው ይችላልና፣ ከሆዱ ሥር ያሉት 1,331 እንደ ፀጉር የቀጠኑ ፒኖች በዚያን ጊዜ ይታጠፋሉ። እንዳለው አደረግሁ፤ አሮጌውም በደኅና ወጣ።

አዲሱን ካስገባሁ በኋላ እንደ ቀድሞው ምቱን ልጨምር አልሄድሁም፤ ይልቁንም ቮልቴጁን መቀነስ ጀመርሁ። ይህ ፕሮሰሰር ለእያንዳንዱ ኮር ለየብቻው ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳል፤ ቮልቴጁ ሲቀንስ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ ቦታ አግኝቶ ምቱን ከፍ ያደርጋል። ይህ በአየሩ መሳሳት ለምንቸገር ሰዎች ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ዘንድ በከባድ ሥራ ጊዜ ከ80 ዲግሪ በላይ ይወጣ የነበረው ሙቀት ወደ 70 ግድም ወርዷል። ሆኖም ቅነሳውም ልክ አለው፤ ከልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በከባድ ሥራ ላይ ሳይሆን፣ ኮሩ ቀለል ባለ ሥራ ብቻውን ከፍ ወዳለ ምት በሚዘልበት ቅጽበት ነውና፣ ለመያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለፈተናው የተጠቀምሁበት ፕራይም95 ነው። ይህ ፕሮግራም ጆርጅ ዎልትማን በ1996 ከጀመረው፣ መርሴን የተባሉትን ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮች ከሚፈልገው ማኅበር የወጣ ነው። በሚሊዮን የሚቈጠር አኃዝ ያለውን ቁጥር ሲመረምሩ አንዲት ስሕተት የሳምንታትን ድካም ከንቱ ስለምታደርግ፣ ፕሮግራሙ ውጤቱን አስቀድሞ ከሚታወቀው መልስ ጋር እያስተያየ፣ ልዩነት ያገኘ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ይናገራል። እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው ሌሊት ሌሊት እየፈተንሁ 9 ሌሊት አሳለፍሁ። በ4ኛው ሌሊት 3ኛው ኮር ተሳሳተ፤ ቮልቴጁን ጥቂት መለስሁለት። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም።

እንግዲህ ለወዳጄ የምመልስለት ይህ ነው፤ ማዘርቦርድህ አዲሱን የሚቀበል ከሆነ ሙሉውን ኮምፒውተር አትሽጥ፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ ለውጥ፤ ለኦቨርክሎክ ልታወጣው ያሰብኸውንም ገንዘብ ለማቀዝቀዣና ለዩፒኤስ አውለው። ቁጥሩን ለሰው ከማሳየትህ በፊት የሚሠራልህ ሥራ ትክክል መሆኑን ለራስህ አረጋግጥ።

የቀሩትን 30 ካሴቶች እንደ ገና ቀድቼ የጨረስሁት ባለፈው ሳምንት ነው። እያንዳንዱን ማኅደር ከዘጋሁ በኋላ መልሼ እከፍተዋለሁ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስልቼ አንድ ሆኖ ካላገኘሁት ወደሚቀጥለው አላልፍም። በ17ኛው ካሴት ላይ እናቴ ስለ ጎረቤት ሠርግ እየተናገረች ሳለ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናም ይወርድና ድምፅዋን ይውጠዋል፤ «ቈይ ልጄ፣ ይህ ዝናም ያባራ» ትላለች፤ መቅጃውን ማጥፋት አታውቅም ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ለ6 ደቂቃ ዝናሙ ብቻ ይሰማል። ሹክሹክታ የሚያጠራው ፕሮግራም ያንን ዝናም ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ከልክዬ እንዳለ አኖርሁት።