ባለቤት ያልመጣለት

አያቴ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በነፃ የሚያሳፍራቸው ፓስ ከኪሳቸው አይጠፋም ነበር። ድሬዳዋ ያለች እህታቸውን ለመጠየቅ ሲነሡ ግን ከፍለው በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ለአንድ ብር ሁለት ቀን የሚያስቡ ሰው! ሴት አያቴ «ጭሱ ለደረታቸው አይስማማም» ትል ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ከአለቃ ተጣልተው ነው ይላል። ጭስ ከሆነ አውቶቡሱም ያጨሳል፤ አለቃውም ከሞተ ቆይቷል።

ጥያቄውን ይዤ አያቴ ይሠሩበት ወደነበረው አዋሽ የሄድኩት፣ ጥቂት የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰዎች ለከተማቸው ሙዚየም ሊሠሩ ዕቃ እየሰበሰቡ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። ደመወዝ የለ፣ በጀት የለ። አንድ የታሪክ መምህር፣ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች፣ ቅዳሜና እሑድ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ለቆላቸዋል። በ1890 ዓ.ም. ግድም ከጂቡቲ መዘርጋት ጀምሮ በ1909 አዲስ አበባ የገባው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ዛሬ አዋሽ ላይ ሥራ ፈትቷል፤ አዲሱ ባቡር የራሱ ሰፊ ሐዲድ አለው።

መጋዘኑ ውስጥ ፋኖስ፣ ቲኬት መብሻ፣ የጣቢያ ደወል፣ የሐዲድ ብሎን ተደርድሯል። የጃንሆይ ፎቶግራፍማ ያላመጣ የለም። ስለ ኮንትሮባንድ የሚያነሣ ግን ጠፋ፤ ያለ እሱ የዚህ መስመር ታሪክ ጨው የሌለው ወጥ ነው። አንዲት እናት ብቻ ሰባት ቀሚስ ደራርበው ኬላ ያለፉበትን ቀን ሲያወሩ ተማሪዎቹ በስልክ ቀረጿቸው። መምህሩ «ይሄ ለሙዚየም ይሆናል?» ብሎ አመነታ። ይሆናል እንጂ!

እኚሁ እናት ከሟች ባለቤታቸው ሳጥን አንድ ደብተር አምጥተው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «6/5/77» ይላል። ሁለቱም ሰባቶች ወገባቸው ላይ ሰረዝ አለባቸው። አያቴ ከምድር ባቡሩ ፈረንሳዮች የተማሩት አጻጻፍ ነው፤ በልጅነቴ የእኔንም ሰባት እንዲህ ያርሙት ነበር።

ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ባቡር አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ተባለ። 428 ሰዎች ሞቱ።

«ሬሳውን ሌሎች አነሡ፤ እሳቸው ዕቃውን ለቅመው መዘገቡ» አሉኝ እናትየው ስለ አያቴ። ገለጥኩት። ነጠላ 1፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ቴርሞስ 2፣ አንዱ የተሰበረ። የስፌት መኪና ራስ 1። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ስሙ የማይነበብ። ከእያንዳንዱ ትይዩ «ባለቤት አልመጣም» የሚል አለ፤ ገጽ በገጽ።

«ከዚያ ወዲህ ባቡር ሲገባ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆሙ ነበር። ወደ ናዝሬት ሲዛወሩ ደብተሩን ‹ሰው ቢመጣ› ብለው ለባለቤቴ ሰጡት። ዕቃው በ83ቱ ግርግር ጠፋ፤ ይሄ ቀረ።»

ለአጎቴ ደወልኩለት። «ለካ ለዚህ ነው!» አለ። «ድሬዳዋ በባቡር ልሂድ ስላቸው በጥፊ ያሉኝ።»

አሁን ክርክሩ ደብተሩ የት ይቀመጥ ነው። መምህሩ መስታወት ውስጥ ይሁን አለ። ተማሪዎቹ ፎቶ አንሥተን ፌስቡክ ላይ እንልቀቀው አሉ፤ እኔ ይሄን ተቃወምኩ፤ ሰው የእናቱን ነጠላ ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ ማግኘት የለበትም። እናትየው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኙን። «ዕቃውን ፍለጋ የመጣ ሰው መስታወት ሰብሮ ነው የሚያነበው?» ዋናው ተቆልፎ ቅጂው ጠረጴዛ ላይ ይሁን ተባለ፤ ገልባጩ እኔ ሆንኩ።

ስገለብጥ የተሰረዙ ሦስት መስመሮች አገኘሁ። አጠገባቸው የአያቴ ያልሆነ ጽሕፈትና የአውራ ጣት አሻራ አለ። አንዱ የስፌት መኪናው ነው፦ «ከአሰበ ተፈሪ የመጣ ወንድም ወሰደው።» ሰው መጥቶ ነበር ማለት ነው። እናትየው ሰውዬውን አያስታውሱትም። ስለዚህ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ሄጄ አዛውንት ልብስ ሰፊዎችን ልጠይቅ ነው። መምህሩም አብሮኝ ሊመጣ ተነሥቷል፤ መኪናው ከተገኘ ለሙዚየሙ ሊለምነው። እኔ ደግሞ አሁንም የሚሰፋ ከሆነ እዚያው ይቅር ባይ ነኝ፤ መንገድ ላይ እንከራከርበታለን።