ለሰላጣ የሚበቃ ውሃ

አዲስ አበባ ውስጥ መካኒሳ ድልድይ ላይ ቆሞ ትንሹ አቃቂ ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ሰው በበጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ሽታውን ነው። ውሃው ጠቁሯል፤ አረፋ ተሸክሞ ድንጋዩን ይዞራል፤ ክረምት የተወው ፌስታል ከየቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይን ከውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ግን ያረፈበት ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር። የውሃ መሳቢያው ሞተር ይንደቀደቃል፣ ያ ጥቁር ውሃም በቦዩ በኩል ወደ መደቡ ይገባል።

ይኸው ወንዝ ከላይ፣ ገፈርሳ ላይ፣ የሚጠጣ ነው። እዚያ የተገደበው ውሃ ተጣርቶ በቧንቧ ወደ ከተማው ይገባል። ከግድቡ በታች ኮልፌን አቋርጦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እስኪደርስ ድረስ ግን የቆዳና የመጠጥ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የላቫጆ ሳሙና ይቀላቀሉታል። ከቄራ በኩል የሚመጣው ገባር ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በክረምት ጎርፉ ስለሚያቀጥነው ነገሩ ይሸፈናል። ጥር ላይ ግን ከሚወርደው ውስጥ ምንጭ ያፈለቀው ስንት፣ ቱቦ ያፈሰሰው ስንት እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወደ ውኃ አካል ለሚለቀቅ ፍሳሽ ደረጃ እንዲወጣ ያዝዛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። አዲስ አበባም የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017ን አውጥታ የሚጥሰውን ትቀጣለች። የቅጣቱ ዜና ሁልጊዜ ስለ ቱቦው አፍ ነው፦ ማን ለቀቀ፣ ስንት ብር ተቀጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ያለው የወንዙ ክፍል ለምን እንዲውል ነው የተፈለገው? ይህ ሳይወሰን «ንጹሕ» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካኖች የውሃ ሕግ ይህን ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ወንዝና ሐይቅ መጀመሪያ አገልግሎት ይመደብለታል፣ ቁጥሩ ከዚያ ይከተላል።

ቁጥሮቹም እንደ ደረጃ መሰላል ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ አይደሉም። ለሚጠጣ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት የእርሳስ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ግን ለመስኖ እስከ 5 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ አምስት መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ቦሮን ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰው 2.4 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ ቢጠጣ ችግር የለውም፣ የሎሚ ዛፍ ግን በ0.5 አካባቢ መጎዳት ይጀምራል። በ5 ሚሊግራም የእርሳስ ጣሪያ ላይ መተኛትም አያዋጣም፤ ቁጥሩ በዋናነት ያሰበው ለተክሉ እንጂ ቅጠሉን ለሚበላው ሰው አይደለም።

ላፍቶ ማሳ ላይ ዋናው ጥያቄ ሰላጣው ጥሬውን መበላቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውሃ በሊትር ከአንድ የአንጀት ትል እንቁላል፣ በ100 ሚሊሊትር ደግሞ ከ1,000 የሰገራ ኮሊፎርም ባክቴሪያ መብለጥ የለበትም። መመሪያው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሲታደስ ትኩረቱ ከውሃው ብቻ ወደ መንገዱ ሁሉ ሰፋ፦ ውሃው ቅጠሉን ይነካል ወይስ በቦይ ሥሩ ሥር ይሄዳል? ከመታጨዱ ስንት ቀን በፊት ማጠጣት ይቆማል? ገበያና ማጀት ውስጥስ በምን ይታጠባል? ለላፍቶ ገበሬ ይህኛው ይሻላል። ወንዙ እስኪጸዳ ጠብቅ ከሚለው ይልቅ ነገ ጠዋት ሊሠራው የሚችለውን ይነግረዋል።

ታዲያ ሰላጣው ቀርቶ ተቀቅሎ የሚበላው ቆስጣ ብቻ ይተከል የሚል ይኖራል። ለትሉና ለባክቴሪያው ልክ ነው፤ ድስቱ ይጨርሳቸዋል። ከባድ ብረትን ግን እሳት አያጠፋውም። ፍስሃ ኢታና በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ያደረጉት፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብዙ ከባድ ብረት እንደሚሰበስቡ አሳይቷል። ስለዚህ ለአንድ ወንዝ አንድ ቁጥር አይበቃም፤ ለየሰብሉም ያስፈልጋል። ለገበሬው ስለ ሰብል ምርጫ የሚነግረው ግን ገበያው ነው፣ በጾም ወቅት ሰላጣ ይወደዳል፣ አለቀ።

ገበያውም እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በ2013 ዓ.ም. ኃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ ከሩቅ በጭነት መኪና የመጣውና ከከተማው ወንዝ ዳር የታጨደው በአንድ ቀን ሊሸጡ ይችላሉ። ገዢ የሚያየው ቅጠሉ መለምለሙን ነው። የተጠጣው ውሃ መልክ የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ አገልግሎት እየመጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር ተብሎ፣ 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት ነበር። ድንጋይ ንጣፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራት፤ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያየው ወንዝ። ያማረ ነው፣ ልከራከር አልመጣሁም። ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ውሃው ባይሸት ይበቃዋል። ሕጻን እጁን የሚነክርበት ከሆነ ግን መስፈርቱ ወዲያው ይጠብቃል፤ አውሮፓውያን ለሚዋኙበት የወንዝና የሐይቅ ውሃ «እጅግ ጥሩ» የሚሉት በ100 ሚሊሊትር ከ500 ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሳያልፍ ነው። አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ቤተሰብ የትኛው እንደተፈቀደለት የሚነግረው ጽሑፍ አላየሁም።

ከላፍቶ በታች ውሃው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፣ አዋሽ ይገባል፣ ቆቃ ይተኛል። ከቆቃ በታች አዳማ ከአዋሽ ቀድታ፣ አጣርታ ትጠጣለች። ገፈርሳ ላይ የመጠጥ ውሃ የነበረው ወንዝ አዳማ ላይ እንደገና የመጠጥ ውሃ ነው ማለት ነው። ላፍቶ ላይ ለመስኖ የሚመደብ ቁጥር፣ ከታች ባለው የአዳማ ማጣሪያ ጣቢያ አቅምም ጭምር መሰላት ይኖርበታል።