የነጋዴ ዘር

የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም በከፈትኩ ቁጥር የማውቀው ፊት እፈልጋለሁ። እንዳላገኘው እየተመኘሁ ነው የምፈልገው። ፊልሙ፣ «ያልታወቀው ረሃብ»፣ የወሎን እልቂት ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ዓመት ሳይሞላ ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከጃንሆይ ውሾች ጋር አዳብሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ይህን ሳወራ አንደበቴ ይፈታል። መንግሥት ረሃቡን እንዴት እንደደበቀ ስተነትንማ የሚችለኝ የለም።

አያቴ በዚያው ክፉ ቀን እናቴን አዝላ ደሴ የገባች ናት። ለእርዳታ እህል ተሰልፋለች፣ ሰው ቤት እንጀራ ጋግራለች። እናቴ አድጋ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች፤ በዚያ ደመወዝ ተማርኩ። ካሜራው ግን የተራበችውን እናት አይቶ ሄደ። የልጇንና የልጅ ልጇን ነገር መናገር ለእኔ ቀርቶ ነበር።

አንድ ተማሪ አያቴን ሊቀርጻት መጥቶ «አቅም የላትም» ብዬ ከበር መለስኩት። ለክብሯ ብዬ ነው። ማለቴ፣ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያን ክፉ ቀን ቡና ባፈላች ቁጥር ለጎረቤት ስትተርከው ነው የኖረችው፤ ቆሎ የዘገነላትን ሰው በስሙ እየጠራች ትመርቅ ነበር። «እማማ፣ ተይው በቃ» ስላት፣ «አብሽር ልጄ፣ አልፏል» ትለኝ ነበር።

በልታ ስታበቃ ከመሶቡ ላይ ፍርፋሪውን በጣቷ ጫፍ እየለቀመች መዳፏ ላይ ታጠራቅምና ትቅመው ነበር። እንግዳ ካለ መሶቡን ቶሎ ብዬ አነሳ ነበር። በእሷ ያፈርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሳስበው ግን የፈራሁት ፍርፋሪው የእኔን መነሻ እንዳያወጣብኝ ነው። እኔም ብሆን የጤፉ ጆንያ ሳይጋመስ ሌላ ካላስገባሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሚስቴ ቆጣቢ ትለኛለች፤ እሺ ብዬ ተቀብያለሁ።

አያቴ ካረፈች በኋላ ለታናሽ ወንድሜ ሚስት ልንጠይቅ፣ ሽማግሌዎች ይዘን በሐረጎ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የልጅቷ አባት «ከእነማን ናችሁ?» አሉ። ማንም ሳይቀድመኝ «ዱሮም የደሴ ነጋዴዎች ነን» አልኩ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «እኛም ከጥንት ጀምሮ ነጋዴዎች ነን» አሉ። ምን ይነግዱ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።