በአንድ ጣራ ሥር ስንት በር?

ከአገሩ የወጣ ተማሪ ስለ ትምህርቱና ስለ ኪሱ ብዙ ይጽፋል፤ ስለሚያድርበት ቤት ግን እምብዛም አይጽፍም። እኛ በዳማምና በሖባር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ስለዚሁ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ ተሠርቶ ኋላ ለብዙ ተከራይ ስለተከፋፈለ ቤት።

ሁለቱ ከተሞች በ1923 እ.ኤ.አ. ከባሕሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሣ ሰዎች የሠፈሩባቸው የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ነበሩ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሰባተኛው የዳማም ጉድጓድ ዘይት በብዛት ከሰጠ በኋላ ግን ሁሉም ተለወጠ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ኩባንያው መሐንዲሶች መንገዱን እንደ ዳማ ሰሌዳ ሸነሸኑት። በ1951 የተጀመረው የሠራተኞች የቤት ባለቤትነት ዕቅድም ቪላን አስለመደ። የጥንቱ የባሕረ ሰላጤ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው የሚያዞር ሲሆን፣ ቪላው በአጥር ተከቦ በመካከል ይቆማል፤ መስኮቱም ወደ ውጭ ያያል።

እኛ የምንኖረው ሖባር ውስጥ ካሉት አሮጌ ቪላዎች በአንዱ ነው። ቤቱ ከመጀመሪያውም ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ወንድ እንግዶች ወደ መጅሊስ የሚገቡበት፣ ሌላው የቤተሰቡ። ባለቤቱ ሊያከራየው ሲነሣ እነዚህ ሁለት በሮች ሥራውን አቀለሉለት። የእንግዳው በር ለብቻው መኖሪያ ሆነ፤ የቤተሰቡ በር ወደ ደረጃው የሚያደርስ የጋራ መተላለፊያ ሆነ። ጣራው ላይ የነበረው የሠራተኛ ክፍልም ሁለት ተማሪ ያሳድራል። የኛ መኝታ የመጅሊሱ ግማሽ ነው። የኮርኒሱ የጂብሰም አበባ ከመሐል ተቆርጦ ቀሪው ከስሱ ግድግዳ ማዶ ለጎረቤት ደርሷል፤ የጎረቤት ሳል ደግሞ ለኛ ደርሷል። የመብራት ቆጣሪው አንድ ብቻ ስለሆነ በሐምሌ ሙቀት የማቀዝቀዣውን ሒሳብ ለመካፈል ሸንጎ እንቀመጣለን።

ይህ የሖባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚገኘው ሮያል ክሬሰንት ከ1767 እስከ 1774 እ.ኤ.አ. በታናሹ ጆን ዉድ ንድፍ የተሠራ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰለፉ 30 ቤቶች ያሉበት ነው። ከቤቶቹ የሚበዙት ዛሬ በአፓርታማ ተከፋፍለዋል፤ ነገር ግን በሕግ ስለሚጠበቁ የፊታቸው ድንጋይና ዓምድ እንደነበረ አለ። በዚያው ከተማ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሐውስም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ለከተማው ሰጥተውት የአረጋውያን መኖሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። ስለዚህ ቤትን ለሌላ ኑሮ ማዋል ቤቱን ማጥፋት አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ ያሠሯቸው የቀድሞ ቤቶች የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት ሰገነትና የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ። በብዙ ቦታም ግብር የተበላበት አዳራሽ በኮምፖንሳቶ ተከፍሎ ለየቤተሰቡ ታደለ።

አብሮን የሚኖር አንድ ወንድማችን ተወልዶ ያደገው ፒያሳ አካባቢ ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያም ቤት አብሮ ሄደ። እናቱ ሌላ ሰፈር ቤት አግኝተዋል። በስልክ ሲጠይቃቸው «ጣራው አያፈስም፣ መጸዳጃውም የራሴ ነው፤ ቡና የሚጠራኝ ሰው ነው ያጣሁት» አሉት። የቤቱን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ቢላቸው፣ የተገኘው የደረጃው ግማሽ ከኋላ የሚታይበት አንድ የሠርግ ፎቶ ብቻ ሆነ።

በአንድ ሐሙስ ማታ ካሬ ወረቀት ዘርግተን ቤቱን ከትዝታው እንሥል ጀመር። እሱ በእርምጃ ይቆጥራል፤ እኛ የሕፃን እርምጃ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው እያልን እንከራከራለን። ሰገነቱ፣ ሦስቱ ማድቤቶች፣ የጋራው ቧንቧ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ። አንድ ክፍል ግን ባዶ ቀረ። ልጆች የማያስገቡ አንዲት አሮጊት ይኖሩበት ስለነበር ውስጡን አይቶት አያውቅም። አሮጊቷም አርፈዋል፤ ግድግዳውም የለም።

እኛ አሮጌ ነገር ሁሉ ይቆይ አንልም። የሚያፈስ ጣራ ሥር ለሚያድር ሰው የሰገነት ውበት መስበክ አግባብ አይደለም። ነገር ግን ቤት የሚፈርስም ቢሆን ሳይለካ መፍረስ የለበትም። ከመካከላችን ምሕንድስናና ሥነ ሕንፃ የሚያጠኑ አሉ፤ ሌሎቻችንም ብንሆን ሜትር መዘርጋትና ፎቶግራፍ ማንሳት አያቅተንም። ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት የምትገቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያደጋችሁበትን ቤት ለኩ፤ ማን በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ታላላቆችን ጠይቁ፤ የጎረቤቶቻችሁንም ክፍል አስፈቅዳችሁ ግቡና እዩ።