ገልባጭ ተሳቢ ለመግዛት ላሰባችሁ ወንድሞች



እዚህ ቨርጂኒያ ካለነው ወንድሞች መካከል ታክሲውንና ዕቃ ማድረሱን ትተው የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ በዝተዋል። የቤት ዕድሳት ፍርስራሽ ማንሳት፣ ጠጠርና አፈር ማመላለስ፣ አሮጌ ዕቃ ከቤት አውጥቶ መጣል፣ ሁሉም በአንድ ፒክአፕና በአንድ ገልባጭ ተሳቢ የሚሠራ ነው። እኛም አራት ሆነን አዋጥተን ከረመዷን በኋላ አንድ ገዛን፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ «የትኛውን ገዛችሁ? ስንት ፈጀ?» የሚለን ሰው ስለበዛ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብለን ነው።

ሀገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ገልባጭ ሲባል ሲኖትራክ ትዝ ሊላችሁ ይችላል። ይሄ ሌላ ነው። ሞተር የለውም፤ ከፒክአፕ ኋላ የሚታሰር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አክስል ያለው የብረት ሳጥን ነው። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ፓምፕ አለው፤ ቁልፉን ስትጫኑ ከፊት በኩል ብድግ ብሎ ጭነቱን ከኋላ ይደፋዋል።

ሻጮች የሚያሳዩት ርዝመቱን ነው። እኛን የገረመን ግን ርዝመቱ ስለ አቅሙ ብዙም አለመናገሩ ነው። መጀመሪያ ያየነው 14 ፉት ርዝመት፣ 7 ፉት ስፋት፣ ስፖንዳው 2 ፉት ከፍታ ያለው ነበር። አባዝታችሁ ብታዩት ከ7 ያርድ በላይ ይይዛል። አንድ ያርድ ጠጠር ግን ወደ 2,800 ፓውንድ ይመዝናል። እስከ አፉ ብትሞሉት 20,000 ፓውንድ አለፈ ማለት ነው። ሻንሲው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ደግሞ ከነጭነቱ 14,000 ፓውንድ ይላል፤ ባዶው ራሱ ወደ 4,500 ይመዝናል። የሚቀረው 9,500 ነው፤ ከሦስት ያርድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ጠጠር ከሆነ የምትጭኑት ግማሹ እንኳ ሳይሞላ ማቆም አለባችሁ። ደንበኛው ግን ሳጥኑ ባዶ መስሎት «ጨምሩበት እንጂ» ይላል። ፍሬን የማይዝ፣ ጎማው የሚፈነዳ፣ አክስሉ የሚጎብጥ ተሳቢ የሚመጣው ከዚህች «ጨምሩበት» ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው ደግሞ የሰው ልጅ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከመካከላችን ክርክር ተነሳ። ፒክአፑን የሚነዳው ወንድማችን ትልቁን ይፈልግ ነበር፤ ሥራው እሱ ላይ ስለሆነ ምክንያት አለው፣ ምልልስ ይቀንስለታል። ትልቁ ወንድማችን ግን ወረቀት አውጥቶ በወር ውስጥ ይመጣል ብለን የምናስበውን ሥራ አስጻፈን። አብዛኛው የቤት ፍርስራሽ፣ ሶፋ፣ ፍራሽ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ለቀላል ጭነት የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ስፖንዳ ነው፤ ለከባድ ጭነት ደግሞ ጠንካራ አክስልና ጎማ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው እንጂ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም።

ሌላው ፒክአፑ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ይጎትታል?» ብሎ ነው፤ የሾፌሩን በር ከፍቶ ወረቀቱን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። እዚያ ላይ መኪናው ራሱ የሚሸከመው ክብደት ተጽፏል። በተለመደው ጋንቾ የሚታሰር ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ፒክአፑ ጀርባ ላይ ይጭናል። ለ14,000 ፓውንድ ሲሰላ ከ1,400 እስከ 2,100 ነው። የኛው ፒክአፕ በር 2,300 ይላል። ሁለት ሰውና የሥራ ዕቃ ሲጨመርበት ማለፉ ነው። ስለዚህ 12 ፉቱንና 12,000 ፓውንዱን ወሰድን። ሾፌሩ ወንድማችን መጀመሪያ አኮረፈ፤ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ራሱ ካነበበ በኋላ ግን ዝም አለ።

መንጃ ፈቃዱንም አትርሱ። የተሳቢው ሰሌዳ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከመኪናው ሰሌዳ ጋር ሲደመር 26,001 ከደረሰ ኤ ክላስ ሲዲኤል ያስፈልጋል። የኛ መኪና 10,000 ስለሆነ እንድናለን። ኋላው ጥንድ ጎማ ያለው 14,000 ፓውንድ ፒክአፕ ያለው ወንድም ግን 14,000 ተሳቢ ካሰረበት 28,000 ሆነ፤ «ዛሬ ባዶዬን ነኝ» ማለት አያድነውም፣ የሚታየው ሰሌዳው ነው። ከዚህ ሌላ ለገቢ የምትሠሩ ሆኖ መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ ከ10,000 ፓውንድ ካለፉና ከስቴት ስቴት ከተሻገራችሁ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ለኛ ሜሪላንድ ድልድይ ማዶ ስለሆነች ይሄ የሩቅ ነገር አይደለም።

ስለ ክፍያው። አንድ ሻጭ «ገንዘብ ካነሳችሁ እየተከራያችሁ በሦስት ዓመት የራሳችሁ ይሆናል» አለን። ወለድ የሚል ቃል የለበትም፤ አንዳንዶቻችን ደስ አለን። ውሉን ለኢማማችን ወሰድንላቸው። ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ ቢሰበር ሁሉም በኛ ላይ ነው ይላል፤ አንድ ወር ካሳለፍን ተሳቢውም የከፈልነውም ይሄዳል። በፊቅህ ኪራይ ከሆነ ንብረቱ የአከራዩ ነው፤ ተከራዩ ሳያጠፋ ቢጠፋ ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ በባለቤትነት ስለሚያልቅ ኪራይ ሲወስን ኪራዩ የእውነት ኪራይ እንዲሆን፣ የንብረቱም ኃላፊነት በአከራዩ ላይ እንዲሆን አስቀምጧል። ኢማማችን አንብበው «ይሄ ኪራይም ሽያጭም አልሆነም» አሉና መለሱልን። እኛም ሁለት ወር ጠብቀን በእጃችን ባለው ገዛን። ትንሹን የወሰድነው ለዚህም ጭምር ነው።

በነዚያ ሁለት ወራት አሮጌም አይተናል። አንዱ ዋጋው በጣም ጥሩ ነበር፤ ሻንሲው ግን ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ መለያ ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳም ተነቅሏል። ሰውዬው የባለቤትነት ወረቀቱ «በፖስታ ይመጣል» ሲል ተመልሰን መኪናችን ውስጥ ገባን። የተሰረቀ ከሆነ የሰው ሐቅ ነው፤ ባይሆን እንኳ ቀለሙ የሸፈነው ዝገት ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ አለ። እዚህ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ከሥር ተኝታችሁ ሳታዩ አትግዙ። ጭነት አስደርጋችሁ አስነሱት፣ ሩብ ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆይ። ዘይት ካንጠባጠበ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ ሲሊንደሩ ደክሟል። ሲነሳ ከሥሩ ማንም አይግባ፤ የብረት ድጋፉ ሳይቆም እጅ እንኳ አታስገቡ። ሜዳ ካልሆነ መሬት ላይም አትገልብጡ፣ በጎኑ ይወድቃል።

ማንሻው መቀስ የሚመስለው ይሁን በአንድ ረጅም ሲሊንደር የሚገፋው ብዙ አትጨነቁ፤ እኛ መቀሱን የወሰድነው ሲነሳ ስለማይወዛወዝ ነው። የኋላ በሩ ግን ጥያቄ ነው፤ ለፍርስራሽ ወደ ጎን የሚከፈተው፣ ጠጠር እየበተኑ ለመሄድ ከላይ የሚንጠለጠለው። ሁለቱንም የሚያደርግ በር አለ፣ ጭማሪውን ክፈሉ። ሸራም ይኑረው። ፒክአፑ ውስጥ የተሳቢውን የኤሌክትሪክ ፍሬን የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሌለ በሱ ዋጋ ላይ አትከራከሩ።

ሽርክናውን እንዴት አደረጋችሁ ላላችሁን፦ በሻፊዒይ መዝሀብ ትርፉም ኪሳራውም እንደየመዋጮው ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩ ወንድማችን ከድርሻው ሌላ በየምልልሱ ተቆርጦ የታወቀ ደመወዝ አለው። ተጽፎ አራታችንም ፈርመናል። ጎማ የሚገዛበት ገንዘብ ከትርፍ ክፍፍሉ በፊት ይቀመጣል። ተሳቢው የሚያድረው ትልቁ ወንድማችን ግቢ ነው፤ ጋንቾው ላይ ቁልፍ አለ፣ ባትሪው ማታ ማታ ቻርጅ ላይ ነው።