የላስታ ሰማይ ከወር እስከ ወር

ላስታ ከፍ ያለ አገር ነው። ከላሊበላ ከተማ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቁመቱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አየሩ ጥርት ይላል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከዚያ ሆኖ ሰማይን ያየ ሰው ከዋክብቱ ወደ ምድር የቀረቡ ይመስለዋል። ከተማ ውስጥ ግን እንዲህ አይታይም፤ የመብራቱ ብርሃን ይሸፍናቸዋል። በዚህስ የገጠር ሰው ከከተሜ ይበልጣል።

ልጅ ሳለሁ በታኅሣሥ ወር ከአባቴ ጋር አውድማ ላይ እናድር ነበር። እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ይጠበቃል። ሰዓት የለንም። አባቴ ሌሊቱን የሚለካው በሦስት ኮከቦች ነበር። እነዚህ ኮከቦች ተጠጋግተው በአንድ መስመር የተሰለፉ ናቸው። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወገብ ናቸው። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በስተ ምሥራቅ ይታያሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከራስ በላይ ይሆናሉ። በስተ ምዕራብ ሊጠልቁ ሲሉ ሊነጋ ነው።

አንድ ጊዜ ግን አባቴ ተሳሳተ። በዚያው ወር፣ ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ ከእንቅልፉ ነቃ። በስተ ምሥራቅ አንድ ደማቅ ኮከብ አየ። «ተነሥ ልጄ፣ አጥቢያ ኮከብ ወጣ» አለኝ። አህያውን ጭነን ወደ ገበያ ሄድን። ብንሄድ ብንሄድ አይነጋም። ጅብ በግራም በቀኝም ይጮኻል። አህያው አልሄድም ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ከአንድ ቤት ደጅ ደርሰን «የመሸብን እንግዶች ነን» አልን። የቤቱ እመቤት በሩን ከፍተው «ምን ነካችሁ? ገና ዶሮ እንኳ አልጮኸ!» አሉን።

ዛሬ ሳስበው፣ ያ ኮከብ ጁፒተር የሚባለው ፕላኔት ሳይሆን አይቀርም። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ናት። እሷም እንደ መሬት ፀሐይን የምትዞር ፕላኔት እንጂ ኮከብ አይደለችም። ስምንት ወር ተኩል ያህል ከመንጋቱ በፊት በምሥራቅ ትታያለች። ከዚያ ትሰወራለች። ቆይታ በምሽት በምዕራብ ብቅ ትላለች። እዚያም ስምንት ወር ተኩል ያህል ትቆያለች። የማታዋና የጠዋቷ አንድ ናት። ቬነስ ከፀሐይ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት በምሥራቅ የሚወጣ ደማቅ ኮከብ ፈጽሞ እሷ አይደለችም። አባቴ ቀና ብሎ ሦስቱን ኮከቦቹን ቢያይ ኖሮ፣ ገና ከራሳችን በላይ ነበሩ። ምን ይደረግ፣ ገበያ ያስቸኩላል።

በኮከብ ሰዓት ለማወቅ ወሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። መሬት ፀሐይን ስለምትዞር ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ። ይህ በወር 2 ሰዓት ይሆናል። በታኅሣሥ አጋማሽ በ6 ሰዓት ከራስ በላይ የነበሩት ሦስት ኮከቦች በጥር አጋማሽ በ4 ሰዓት፣ በየካቲት አጋማሽ በ2 ሰዓት እዚያው ይደርሳሉ።

አሁን ከመስከረም እንጀምር። ደመናው ሲገፈፍ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነጭ ነገር ይታያል። ደመና እንዳይመስላችሁ። በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ናቸው፤ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። በጥቅምት መጨረሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ ይታያሉ። ብዙ ሰው ስድስቱን ብቻ ይቆጥራል። ሰባተኛውን የቆጠረ ዓይኑ ይባረክ! በኅዳር ምሽት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተመልከቱ። በዚያ በኩል «ቡና» የተባለ ኮከብ አለ። የሚዞረው ፕላኔትም «አቦል» ይባላል። እነዚህ ስሞች በ2012 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቀርበው በዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር ጸደቁ። ኮከቡ ያለ መሣሪያ አይታይም፤ መኖሩን ማወቅ ግን ደስ ይላል።

ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ብዙ ተወርዋሪ ኮከብ ይታያል። ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል የሚሉ አሉ። የሚወድቀው ግን ኮከብ አይደለም። አየር ውስጥ ገብቶ የሚቃጠል ትንሽ ጠጠርና አቧራ ነው። በጥር ሦስቱን ኮከቦች ተከትላችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ውረዱ። ከከዋክብት ሁሉ ደማቁን ሲሪየስን ታገኛላችሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ውጡ። በደቡብ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ቆመው ይታያሉ። ፊታችሁን ወደ ሰሜን ስታዞሩ ደግሞ እንደ ጭልፋ የተሠሩ ሰባት ኮከቦች ተደፍተው ታያላችሁ። ከእነሱ በታች የሰሜን ኮከብ አለ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከአድማሱ ላይ አስቀምጡ፤ ኮከቡ ከጭብጣችሁ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያ በኩል ተራራ ካለ ግን አይታይም። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን የደቡብ መስቀል ከአገሩ ሆኖ አያየውም።

በሰኔ ጊንጥ የሚመስሉ ኮከቦች ጭራቸውን ቆልምመው በደቡብ ምሥራቅ ይወጣሉ። ልቡ ቀይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ነው። ነሐሴ 6 እና 7 ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ ይበዛል፤ እኔ ግን ደመናው ተገልጦልኝ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።