ጥሪ ነው ወይስ ቪዛ?

ዛሬ አምልኮ አልቆ ግቢ ውስጥ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለ ከኳየር ልጆች አንዱ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ለብቻዎት ላናግርዎት ፈልጌ ነበር" አለኝ። ጋሼውስ ይሁን፣ አንቱታው ግን ትንሽ በዛ፤ እሱን ሌላ ቀን እንለቃቀሳለን። ወደ ጄኔሬተሩ ጥግ ይዞኝ ሄደና "ጌታ ለሚሽን እየጠራኝ ነው" አለ።

ከልቤ ደስ አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሚሽን ክፍል የምመራው እኔ ነኝ፣ እስካሁን የሚረከበኝ ሰው አልተገኘም፤ ወደ ቢሯችን የሚመጣው አብዛኛው ሰው ደግሞ ለሠርግ ወንበር ሊዋስ ነው። እንዲህ የሚል ወጣት ሲመጣ በዓል ነው። "ተባረክ! ወዴት ነው የጠራህ?" አልኩት።

"ካናዳ።"

ሻዩ ትን አለኝ። እሱ ግን ምንም አላፈረም፤ "ካናዳም እኮ ወንጌል ያልደረሰው ሰው ሞልቷል" አለኝ። ልክ ነው። ቶሮንቶ የዓለም ሕዝብ ሁሉ የተሰበሰበባት ከተማ ናት፤ በአውሮፕላን አገር ለአገር ከሚዞር ሰው ይልቅ እዚያ አንድ ሠፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ብዙ ሕዝብ ሊያገኝ ይችላል። በክርክሩ ረታኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሲከነክነኝ አመሸ። ኢንቦክሴ ውስጥም "ጥሪዬን በምን ልወቀው?" የሚል ጥያቄ ስለተጠራቀመ፣ እዚሁ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሚከነክነኝ ይኼ ነው፤ እኛ የምንሰማው ጥሪ ለምን ሁሌ ዶላር ወዳለበት ያደላል? ቻድ የተጠራ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ኒጀርስ? "ሌሊት በስሜ ተጠራሁ፣ ድምፁም ተነሥና ንጃሜና ሂድ አለኝ" ያለ ዘማሪ ካለ ቁጥሩን ላኩልኝ፤ ምሳ እኔ ነኝ። ደቡብ ሱዳን እኮ ከጋምቤላ ማዶ ናት። ጌታ ካርታው ላይ ሰሜን አሜሪካን ብቻ ነው እንዴ የሚያየው?

ነቢያቱም አላገዙንም። አንድ ኮንፈረንስ ላይ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ መድረክ ላይ የነበረው አገልጋይ ዓይኑን ጨፍኖ "ፓስፖርት ይታየኛል!" ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አጠገቤ የነበሩት እናት ፓስፖርት ቀርቶ የቀበሌ መታወቂያቸውም ጊዜው አልፎበታል፤ ከሁሉም በላይ እልል ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ "በረዶ ያለበት አገር ይታየኛል" አለ። ለዚህ ሰው አንድም ቀን ግመል ያለበት አገር ታይቶት አያውቅም።

ቀልዱን ልተወውና፣ የአንጾኪያን ጉባኤ እዩ። ሳውል ለራሱ የደማስቆ መንገድ ላይ የሰማውን ሰምቷል፤ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። በርናባስ ነው ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ያመጣው። ጉባኤው መካከል ሆነው ሲያስተምሩ፣ ሲያገለግሉና ሲጾሙ ነው መንፈስ ቅዱስ ለዩልኝ ያለው። ያለውም ለጉባኤው ነው። ሁለቱ ሰዎች የጥሪ ደብዳቤ ጽፈው፣ ፎቶ አያይዘው ለሽማግሌዎች አላስገቡም። ከተላከ በኋላም ቢሆን ጳውሎስ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ እስያ ላይ ተከለከለ፣ ቢታንያ ላይ ተከለከለ፣ ጢሮአዳ ደርሶ ነው ያ የመቄዶንያ ሰው በራእይ የታየው። ተሻግሮ ሲሄድ ወንዝ ዳር የተሰበሰቡ ሴቶች አገኘ። ከዚያ ደግሞ ወህኒ ገባ። ዛሬ ቢሆን "ጥሪው ከጌታ ቢሆን ኖሮ በሩ ባልተዘጋ" ብለን ስብሰባ እንጠራበት ነበር።

ስለዚህ አንድ ልጅ ሲመጣብኝ ሕልሙን ብዙም አልጠይቀውም። አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች ነው የምጠይቀው። ዶርም አብሮት የነበረው ልጅ ምን ይላል? እናቱስ? ከቤታችሁ በታች ያለውን ባለሱቅ ስሙን ታውቃለህ? ልጆች ስንት አሉት? ረመዳን ላይ ቤቱ ገብተህ ታውቃለህ? ሰፈሩ ውስጥ ለአንድ ሙስሊም ጎረቤት ሰላምታ የማይሰጥ ልጅ አውሮፕላን ስለተሳፈረ ብቻ የሕዝቦች ወዳጅ አይሆንም። ሌላው ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሕፃን "ውሃ"፣ "ዳቦ" እያልክ ለመኖር፣ የመንደሩ ልጆች ሲስቁብህ አብረህ ለመሳቅ ትችላለህ? እዚህ መድረክ ላይ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እዚያ ሲደርስ ቲማቲም መግዛት ያቅተዋል። አለቃ መታዘዝስ? እኔ ሲመለሱ ከተቀበልኳቸው ሚሲዮናውያን ውስጥ በስደት ምክንያት የመጣ ጥቂት ነው፤ የበዙት ከአብሮ አገልጋያቸው ጋር ተኳርፈው ነው። (ጳውሎስና በርናባስም ተጣልተዋል አትበሉኝ፤ አውቃለሁ። ማርቆስ የሚባል ዘመድ በመካከል ካለ ሁሉም ይጣላል።)

ግን እኔ የተጠራውን ብቻ ስመረምር ላኪውን ማን ይመርምረው?

ይኼን ልጽፍ አልነበረም። ግን ዝም ማለት አልችልም።

የላክናቸው አንድ ቤተሰብ አሉ። ስማቸውንም አገሩንም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ይገባችኋል። እጅ ጭነን፣ ተላቅሰን፣ ኬክ ቆርሰን ሸኘናቸው። ድጋፋቸው ቃል የተገባው በብር ነው። በጀቱ ሲሠራ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚህ ያለነው ዘይት ተወደደ ብለን አማረርን። እነሱ ደግሞ የሚደርሳቸው ብር አንድ ሳንቲም ሳይቀነስበት ኑሯቸው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ብር አያውቅማ። ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። "ጌታ ያዘጋጃል" ተባልኩ። ያዘጋጃል፤ አምናለሁ። ግን በእኛ በኩል ነበር እኮ ሊያዘጋጅ የፈለገው! የበጀት ወረቀቱ ዛሬም ድረስ 57 ይላል። በዚያው ሰሞን ግን አዲስ ሞንታርቦ ተገዛ። 

ሚስትየው በቀደም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "እኛ ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን" ብላ ትጀምራለች፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የምትጀምረው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካለ ትንሽ በርበሬ፣ ሽሮም ከተገኘ፣ ካስቸገረ ግን ይቅር። አሁን ወጡን በቲማቲም ድልህ ነው የምትሠራው። ከኋላ ትልቁ ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር በአገሩ ቋንቋ ሲጨቃጨቅ ይሰማል። እናቱ ገበያ ላይ ዋጋ ስትጠይቅ የምትንተባተብበትን ቋንቋ እሱ ሰው ይሳደብበታል። ስቄ አላባራሁም። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ምክንያቱም መልእክቱ መጨረሻ ላይ "ቤተ ክርስቲያኑ ደህና ነው? ሁላችሁንም ሰላም በልልኝ" ትላለች።

እኛ እኮ መላክ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ተባረው ከወላይታ ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 50 አይሞላም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ሆኖ ጠበቃቸው። እነዚያ ወላይታዎች ናቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቋንቋው ወደማይገባቸው አገር፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ የሄዱት። የላኳቸው ገበሬዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ገበሬ ያልከበደውን ዛሬ በቪ8 የሚመጣ ሽማግሌ ከበደው።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ወደ ጥሪው ልመለስ።

የአክስቴ ልጅ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እጅ የጫነባት የለም፤ የላካት ኤጀንሲ ነው። ፓስፖርቷ ገና ከኤርፖርት ሳትወጣ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ገባ። አረብኛውን ኩሽና ውስጥ ተማረችው። እሁድ እረፍት ማግኘት ስትጀምር ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ኅብረት ጀመሩ። ማዳም ቤት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት ነበሩ፤ ሌሊት ሕመሙ ሲነሣባቸው ልጃቸውን ትተው እሷን ነበር ጸልዪልኝ የሚሏት። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ እያራገፏቸው ሄዱ። ዜናውን ሁላችንም አይተን "ጌታ ሆይ አስባቸው" ብለን አልፈናል። እነሱ ሩዝና ፍራሽ ሰበሰቡ፤ ክፍሏ እስክትጠብ ሰው አስገቡ። ኦርቶዶክስ ናት፣ ሙስሊም ናት ያለ የለም።

ለእረፍት ስትመጣ ለምስክርነት 5 ደቂቃ ተሰጣት። ሰዓት አልፏል ተብላ ከመድረክ ስትወርድ ደግሞ ፖስታ ተሰጣት፤ ለሕንፃው። ሚሲዮናዊ ብሎ የጠራት አንድ ሰው አላየሁም።

ይኼን ስል ስደቱን ልባርከው አይደለም። የተደበደቡ፣ ደመወዛቸው የተበላ፣ በሣጥን የተመለሱ እህቶች አሉን። "ለወንጌል ነው" ብሎ ሴት ልጅን ወደዚያ ቤት የሚገፋ አገልጋይ ካለ እግዚአብሔርን ይፍራ። እኔ የምለው፣ ፖስተር ላይ ፎቷቸው ያልወጣ ሰዎች ሥራውን ከጀመሩት ቆይተዋል፤ ቢያንስ ሂዱና ምን እንደሚመስል እነሱን ጠይቁ።

በር የተዘጋባችሁ ደግሞ ኢንቦክሴ ውስጥ ብዙ ናችሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቡት። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ። ስዊድን ሄዶ ተማረ። ልቡ ያለው ወገኖቹ ዘንድ፣ ኦሮሞ ምድር ነበር። ከአብሮ አገልጋዮቹ ጋር በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ታመው ተመለሱ። ወለጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ በመካከል ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። ያን ጊዜ ግን ምፅዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ቁጭ ብሎ አልተከዘም፤ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ እያገዘችው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተረጎመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በሩ ወዲያው ተከፍቶለት ቢሆን ያንን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው አልነበረም።

አለመሄድም አለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሜሪካ ተምረው ተመልሰዋል፤ ደርግ ሲያሳድዳቸው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ምእመኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት ታሰሩ። የመውጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። "በሩ ከተከፈተ ጥሪ ነው" የምትሉኝ ሰዎች እዚህ ጋ ምን እንደምትሉኝ መስማት እፈልጋለሁ። ከምር ነው፤ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

"ሰላም ተሰማኝ" የሚለውንም መናገር እፈልግ ነበር። ኤርፖርት ላይ ሰላም ያልተሰማው ሰው አላየሁም፤ ሰላሙ የሚጠፋው ስድስተኛው ወር ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ልጅ ሲያተኩሰው ነው። ግን መሽቷል፣ እኔም ደክሞኛል።

የበጀት ስብሰባው ሐሙስ 11 ሰዓት ነው። ሽማግሌዎች ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ ላይክ ባታደርጉም ታነባላችሁ። እባካችሁ ከዚያ ወረቀት ላይ 57ን አጥፉት።